ቦይለሩ ያንጠባጥባል፤ ግን ከየት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ቧንቧ

ክረምት ሲገባ ስለ ቦይለር የሚመጣው ጥያቄ ይበዛል። የዚህ ወር ጥያቄዎች ከጎጃም ከተሞች የደረሱን ናቸው፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። የምንነጋገረው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው፣ ከ30 እስከ 100 ሊትር ስለሚይዘው ቦይለር ነው። የሶላሩ ጉዳይ ሌላ ጊዜ ይቆየን።

ጥያቄ፦ (ከደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። 50 ሊትር ቦይለር አለን። የሙቅ ውሃው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊው ቱቦ) ከቦይለሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ያንጠባጥባል። ሠራተኛ እያስመጣን ሦስት ጊዜ ቴፍሎን (ነጩን የቧንቧ ማሸጊያ ጥብጣብ) አስቀየርን። በየጊዜው ቴፍሎኑ እየወፈረ ሄደ እንጂ ጠብታው አልቆመም። አሁን ጨርቅ አስረንበት ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠናል። ቦይለሩ ይሆን የተበላሸው?

መልስ፦

ቦይለሩ ደህና ይመስላል፤ ያስቸገረዎ ቴፍሎኑ ራሱ ነው። ፍሌክሲብል ውሃ የሚይዘው በጥርሱ (በጠመዝማዛው) አይደለም። ጫፉ ላይ ባለው ዳዶ ውስጥ ጠፍጣፋ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ተቀምጧል። ዳዶው ሲጠብቅ ጎሚኒው ከቦይለሩ ቧንቧ አፍ ላይ ይጫናል፤ ውሃውን የሚያቆመው ይህ ነው። ጥርሱ ዳዶውን ከመጎተት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። እዚያ ላይ ቴፍሎን ሲከመር ዳዶው ጎሚኒው ከመጫኑ በፊት ይጠነክራል። መፍቻ የያዘው ሰው ጠበቀ ይላል፤ ጎሚኒው ግን ገና አፉን በወጉ አልነካም። ቴፍሎኑ በወፈረ ቁጥር ለውጥ ያልመጣው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት የግጥሚያው ዓይነት ነው። ዳዶው ለብቻው የሚሽከረከርና ውስጡ ጎሚኒ መቀመጫ ያለው ከሆነ የሚዘጋው በጎሚኒ ነው፤ ፍሌክሲብልና ዩኒየን ከዚህ ወገን ናቸው። ዕቃው ሙሉ በሙሉ እየዞረ የሚገባ ከሆነ፣ እንደ ኒፕል (ቀጥ ያለ አጭር ማገናኛ)፣ ኤልቦ (የማዕዘን ማገናኛ) እና ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ ውሃ የምታስወጣው) ያለው፣ የሚዘጋው በጥርሱ ላይ በሚጠቀለለው ቴፍሎን ወይም ቃጫ ነው። አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም አይቻልም።

የእርስዎን ለማስተካከል ብሬከሩን ያውርዱ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ አንዳንዱ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፣ የሚቆርጠውም ኑሉን (መመለሻውን ሽቦ) ሊሆን ይችላል። ከዚያ የቀዝቃዛውን ቫልቭ ሳይዘጉ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው የሚወጣው ውሃ ለብ እስኪል ያፍስሱ። ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ይልጣል፤ ስለዚህ ይህችን ደረጃ አይዝለሏት። ውሃው ሲቀዘቅዝ የቀዝቃዛውን ቫልቭ ይዝጉ፤ የሙቁ ቧንቧ ክፍት እንደሆነ ግፊቱ እስኪወጣ ይጠብቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስፈልገው 50 ሊትር ውሃ ይደፋል። በቁሙ በሚሰቀል ቦይለር ውስጥ የሙቅ ውሃ መውጫው ከታች ቢታይም ቱቦው ውስጥ ለውስጥ እስከ ታንኩ አናት ይወጣል። ቀዝቃዛው ተዘግቶ የሙቁን ፍሌክሲብል ቢፈቱት የሚወርደው ከቱቦው ጫፍ በላይ ያለው ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። አንድ ባልዲ ይበቃዎታል። ታንኩን ሙሉ በሙሉ ማፍሰስ የሚያስፈልገው በቀዝቃዛው በኩል ያለውን ግጥሚያ ለመንካት ሲፈልጉ ነው።

ዳዶውን ይፍቱ፤ ለግማሽ ኢንች አብዛኛውን ጊዜ 24 ቁጥር መፍቻ ይገጥመዋል። ከቦይለሩ የወጣችው አጭር ቧንቧ አብራ እንዳትዞር ይጠንቀቁ። ታንኩ ላይ የተበየደች ስለሆነች ከተጠመዘዘች የውስጡ ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ታንኩ ከውስጥ መዛግ ይጀምራል። ጥርሱ ላይ ያለውን ቴፍሎን በሙሉ በመርፌና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ያውጡት። ቀጥሎ የቧንቧውን አፍ በጣትዎ ይዳስሱ። ሲቆረጥ የቀረ ሹል ጠርዝ ወይም ያዘመመ ጎን ካለው አዲሱንም ጎሚኒ ይበላዋል። አፉ ውስጥ ጨርቅ ወትፈው (ብናኙ እንዳይገባ) በደቃቅ ሞረድ ጠፍጣፋ አድርገው ያስተካክሉት።

አሮጌውን ጎሚኒ በጥፍርዎ ይጫኑት። ካልሰረጎደ ደርቋል፤ ይጣል። አዲሱ ለግማሽ ኢንች የሚሆን፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ማስገባት በየሰፈሩ የተለመደ ነው። በቀዝቃዛው በኩል ጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ በሙቁ በኩል ግን ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለት ጎሚኒ ደራርቦ ማስገባትም አይረባም፤ ሲጠብቅ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል።

ዳዶውን ያለ ቴፍሎን በእጅዎ እስከሚቆም ያዙሩት፤ ከዚያ በመፍቻ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ከዚህ ካለፈ ጎሚኒው ተጨፍልቆ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የውሃውንም መንገድ ያጠብበዋል። ቀዝቃዛውን ቫልቭ ቀስ ብለው ይክፈቱ። የሙቁ ቧንቧ አየር መትፋቱን አቁሞ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ይዝጉት። ግጥሚያውን በሶፍት አድርቀው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ደረቅ ከሆነ ብሬከሩን ያብሩ፤ ውሃው ከሞቀ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ይዩት። ታንኩ ሳይሞላ ግን በፍጹም አያብሩ፤ ውሃ ያልነካው ኤለመንት (ማሞቂያው ዘንግ) ወዲያው ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ (ከዳንግላ)

ቦይለራችን ሲበራ ብቻ ከታች በኩል ካለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃ ይንጠባጠባል። ሲጠፋ ያቆማል። ጎረቤታችን አፏን በፕላግ ዝጉት፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት አለን። ልክ ነው?

መልስ፦

አይዝጉት። ጎረቤትዎም የዘጉትን ዛሬውኑ እንዲከፍቱ ይንገሯቸው። ያቺ ቫልቭ ሴፍቲ ቫልቭ ናት፤ የምታንጠባጥበውም ሥራዋን እየሠራች ስለሆነ ነው።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ዲግሪ ሲሄድ መጠኑ 2 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 50 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ 1 ሊትር ያህል፣ 80 ሊትሩ ደግሞ 1 ሊትር ከግማሽ ያለፈ ትርፍ ውሃ ይኖረዋል። በሴፍቲ ቫልቯ ውስጥ ውሃው ወደ መጣበት እንዳይመለስ የሚከለክል መቆጣጠሪያ አለ፤ ቧንቧ ካልተከፈተ ትርፉ መሄጃ የለውም። ግፊቱ በቫልቯ አካል ላይ የተጻፈው ቁጥር ላይ ሲደርስ (ብዙ ጊዜ 8 ባር ነው) ትንሽ ትንሽ ታስወጣዋለች። በአንድ ማሞቂያ ጊዜ የሚሰበሰበውን ውሃ በዕቃ ለክተው ከዚህ ሂሳብ ጋር ያስተያዩት። ተቀራራቢ ከሆነ ምንም ብልሽት የለም።

ከተዘጋች ግን ያ ግፊት የሚያርፈው ታንኩ ላይ፣ ግጥሚያዎቹ ላይና ፍሌክሲብሎቹ ላይ ነው። አንዱ ቦታ ሲጠገን ሌላው የሚያፈስበት ቤት ካለ መጀመሪያ ሴፍቲ ቫልቩ ተዘግቶ እንደሆነ ይታይ። ዋናው አደጋ ደግሞ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ማሞቁን ያላቆመ ዕለት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ባሕር ዳር ላይ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። በተዘጋ ታንክ ውስጥ በግፊት የታፈነ ውሃ ግን 100 ዲግሪን አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ታንኩ ሲቀደድ የዚያ ውሃ ከፊሉ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ግድግዳ ያፈርሳል።

ጠብታው ካስቸገረዎ ቫልቯ አፍ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ወደ ወለል ማፍሰሻው ይውሰዱት። ቱቦው ወደ ታች ብቻ ይውረድ፤ ጫፉ ክፍት ይሁን፤ የትም ቦታ አይታጠፍ። በወር አንድ ጊዜ ማንሻዋን ከፍ አድርገው ጥቂት ውሃ ያስወጡ፤ አሸዋና ዝቃጭ መቀመጫዋ ላይ እንዳይጋገር ይረዳል። ቦይለሩ ጠፍቶም ቀን ከሌት የምታንጠባጥብ ከሆነ ግን ወይ መቀመጫዋ ላይ ቆሻሻ ገብቷል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ማንሻዋን አራት አምስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርገው ካልቆመች ይቀይሯት።

ጥያቄ፦ (ከባሕር ዳር)

በጥርስ ለሚዘጋው ግጥሚያ ስንት ዙር ቴፍሎን ይበቃል? አንዱ 5 ይላል፣ ሌላው 20። ቃጫስ ይሻላል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቴፍሎን ሁሉ እኩል ውፍረት ስለሌለው። በየሱቁ የሚሸጠው ስስ ቴፍሎን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 0.075 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ ዓይነቱ ለግማሽ ኢንች ከ8 እስከ 12 ዙር ያስፈልጋል። ሲይዙት ወፈር ከሚለው ዓይነት ከ4 እስከ 6 ይበቃል። ግማሽ ኢንች የሚባለው የቧንቧ ጥርስ በውጭ በኩል 21 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን አንድ ዙር 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወስዳል። 10 ዙር ማለት 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሠራተኛ አንድ ጥቅልል ለአንድ ግጥሚያ ሲጨርስ ካዩ ጥርሱ ተበልቷል ወይም ዕቃው አይመጣጠንም ማለት ነው፤ ዕቃው ይቀየር።

ከቁጥሩ ይልቅ አጠቃለሉ ይበልጣል። ጥርሱ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። የወንዴውን ጥርስ አፍ ወደ ራስዎ አዙረው ይያዙት፤ ቴፍሎኑን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይጠቅልሉ። ወደ ግራ ከተጠቀለለ ሴቴው ሲገባ እየገፋ ይፈታዋል፤ ተጨማድዶ ከአፉ ላይ ሲወጣ ያዩታል። የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ይተዉአት፤ አለበለዚያ የቴፍሎን ቁራጭ ተቆርጦ ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ይገባና መቀመጫው ላይ ይቀመጣል። ከሁለተኛዋ ጥርስ ጀምረው፣ ጥቅልሉን በአውራ ጣትዎ ወጠር አድርገው ይዘው፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሹን እንዲሸፍን እያደረጉ ይሂዱ። በደንብ ከተወጠረ የጥርሱ ቅርጽ በቴፍሎኑ ሥር ጎልቶ ይታያል። ጥርሱ የማይታይ ለስላሳ ነጭ ጉብታ ከሆነ ላልቷል፤ ገፈው እንደገና ይጀምሩ። ሲጨርሱ ቴፍሎኑን አይቁረጡት፤ ጎትተው ይበጥሱት፣ ጫፉንም በጥፍር ወደ ጥርሱ ገደል ያስገቡት።

አሁን በእጅ ያስገቡት። ሦስት አራት ጥርስ ያህል ገብቶ ከጠነከረ መጠኑ ልክ ነው። እስከ መጨረሻው በእጅ ከገባ አንሷል፤ አንድ ጥርስ ላይ ከቆመ በዝቷል። ከእጅ በኋላ በመፍቻ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዙር ነው። በሁለት መፍቻ ይሥሩ፤ አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ያዙር። ክንዱ ረጅም የሆነ የቧንቧ መፍቻ ለዚህ ሥራ አይሁን፤ ጉልበቱ ከሚፈለገው በላይ ነው፣ የነሐሱን ሴቴ ይሰነጥቀዋል።

ሴፍቲ ቫልቭ ሲገጠም ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻ ላይ ነው። ማንሻው ወደ ፊት እንዲሆን ተፈልጎ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቴፍሎን ወደ ኋላ ከተመለሰ አለቀለት፤ ሩብ ዙር መመለስ እንኳ መንገድ ይከፍትበታል። ካለፈ ወደ ፊት ጨምረው አቅጣጫውን ያግኙ፤ እንዲያ ማድረግ ካልቻሉ ፈተው አዲስ ይጠቅልሉ።

ቃጫን በተመለከተ፣ የድሮ የብረት ቧንቧ ላይ፣ ጥርሱ ሸካራና የተጎዳ ሲሆን፣ ከቴፍሎን ይሻላል እንላለን። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ክፍተት ይሞላል፤ አቅጣጫ ለማስተካከል ትንሽ ወደ ኋላ ቢመለስም ይታገሣል። ለስላሳ የነሐስ ጥርስ ላይ ግን ይንሸራተታል፤ መጀመሪያ ጥርሱን በሴጌቶ ምላጭ ጫር ጫር ማድረግ ያስፈልጋል። በቀጭኑ ይጠቅለል፤ የበዛ ቃጫ አብጦ ሴቴውን ይሰነጥቃል። ቃጫውን በቀለም መለወስ ልማድ ሆኗል፤ ለሚጠጣ ውሃ ግን ቀለም አይሆንም፣ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ የቧንቧ ማሸጊያ ቅባት ይጠቀሙ። የፕላስቲክ ጥርስ ላይ ቃጫ ፈጽሞ አይግባ።

ጥያቄ፦ (ከፍኖተ ሰላም)

ቤቱ አዲስ ነው፤ ቧንቧው በሙሉ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ) ነው። በሙቅ ውሃው መስመር፣ ፒፒአሩ ከብረት ጥርስ ጋር የሚገናኝበት ኤልቦ በስድስት ወሩ ማፍሰስ ጀመረ። ቴፍሎን ቢቀየርም ያው ነው። የቀዝቃዛው ግን ደህና ነው።

መልስ፦

ኤልቦውን አድርቀው በባትሪ ብርሃን ጠጋ ብለው ይዩት። ውሃው የሚወጣው ከጥርሱ ነው ወይስ ነሐሱ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተቀበረበት ዙሪያ? ከሁለተኛው ከሆነ ቴፍሎን ምንም አይሠራም። ሲጠብቅ መፍቻው የያዘው ፕላስቲኩን ስለነበረ ነሐሱ ከመቀመጫው ተነቅንቋል። መፍትሔው ቆርጦ በአዲስ መተካት ብቻ ነው።

የሙቁ ብቻ ያፈሰሰበት ምክንያት አለው። ተራ ፒፒአር ለእያንዳንዱ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 3 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር በ50 ዲግሪ ሲሞቅ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው። ሁለቱም ጫፍ ግንብ ውስጥ ከታሰረ ያ ርዝመት የሚገፋው ኤልቦውን ነው፤ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይገፋል፣ ይጎትታል። ስለዚህ ፒፒአሩን በቀጥታ ቦይለሩ ላይ ከመግጠም በመካከል ፍሌክሲብል ያድርጉ። ለሙቁ መስመር በመካከሉ ፋይበር ያለበትን ፒፒአር ከመረጡ የመርዘሙ ነገር በጣም ይቀንሳል። በማንኛውም መንገድ ግን ላዩ ላይ ፒኤን 20 (የሚችለው የግፊት ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን።

ሲቀየር የብየዳው ማሽን 260 ዲግሪ ላይ ይሁን። የ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ የ25 ሚሊ ሜትሩ 7 ሰከንድ ይሞቃል። 20 ሚሊ ሜትሩ ወደ ውስጥ የሚገባው 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ቀጥ አድርገው፣ ሳያዞሩ፣ ያስገቡትና ለ2 ደቂቃ አይንኩት። ከሁሉ በፊት ግን መስመሩ ፍጹም ደረቅ ይሁን። የምትንጠባጠብ ውሃ ካለች ብየዳው ውስጥ እንፋሎት ሆና ቀዳዳ ትተዋለች፤ ጥገና ተደርጎ በሳምንቱ ከዚያው ቦታ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጥርሱን ሲያጠብቁ ደግሞ የኤልቦው ነሐስ የመፍቻ መያዣ ጠርዝ ካለው እሱን በመፍቻ ይያዙ፤ ከሌለው በእጅ ደግፈው በልክ ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ (ከቢቸና)

ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ቀን ቀን ምንም አያፈስም፤ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ግን የቦይለሩ ግጥሚያ ይንጠባጠባል። ጠዋት ወለሉ ርሶ ይገኛል።

መልስ፦

ግጥሚያው ቀንም ሌሊትም ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ግፊቱ ነው። ሌሊት የሚቀዳው ሰው ስለሚያንስ የመስመሩ ግፊት ከፍ ይላል። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ከሆነ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ብቻ ስለሚሰጥ ደካማ ግጥሚያም ችሎ ይይዛል፤ ከመስመር በቀጥታ ሲመጣ ግን ያው ግጥሚያ ድክመቱን ያወጣዋል። ባለ ሰዓት የግፊት መለኪያ አንድ ቧንቧ ላይ ገጥመው ሌሊት ያንብቡት። ከ5 ባር በላይ ከሆነ ከቆጣሪው በኋላ የግፊት መቀነሻ አስገብተው 3 ባር ላይ ያቁሙት። ግጥሚያውንም ከላይ በተጻፈው መንገድ እንደገና ይሥሩት፤ የግፊት መቀነሻ የተበላሸ ጎሚኒ አይጠግንም።

ፈረቃ ያለበት ቤት አንድ ነገር አብሮ ይመርምር። ውሃው ሲሄድ ታንኩ ውስጥ ያለው ወደ መስመሩ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚይዘው ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ነው። እሱ ከላላ ታንኩ ሳያውቁት ይጎድላል፤ መብራት ሲመጣ ኤለመንቱ በደረቁ ይቃጠላል። ለመሞከር ውሃ በሌለ ሰዓት፣ ብሬከሩን አውርደው፣ የቀዝቃዛውን ፍሌክሲብል ከሴፍቲ ቫልቩ ሥር ይፍቱና የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ይክፈቱ። ከቫልቩ ሥር ውሃ ከወረደ መቆጣጠሪያው አይሠራም።

ጥያቄ፦ (ከእንጅባራ)

የቀዝቃዛው ቧንቧ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚያፈስ ግን ማግኘት አልቻልንም።

መልስ፦

ላያፈስም ይችላል። መታጠቢያ ቤቱ በእንፋሎት ሲሞላ ቀዝቃዛ ቧንቧ ያልበዋል፤ በተለይ እንደ እንጅባራ ባለ ብርድ አገር። ላብ ከሆነ ቧንቧው ከላይ እስከ ታች እኩል ይረጥባል፣ ሻወር ካልተወሰደበት ሰዓትም ይደርቃል። ለማረጋገጥ ሁሉንም አድርቀው በእያንዳንዱ ግጥሚያ ላይ አንድ አንድ ሶፍት ይጠቅልሉ። ከላይ ጀምረው ሲያዩ መጀመሪያ የራሰው ሶፍት ያለበት ቦታ ነው የሚያፈሰው፤ ከሱ በታች ያሉት የወረደባቸው ናቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ያበጀ ግጥሚያ ካገኙ ደግሞ ሶፍት አያስፈልግዎትም፤ ቀስ እያለ ሲያፈስ የኖረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ (ከቡሬ)

ግጥሚያዎቹ ሁሉ ደረቅ ናቸው። ውሃው የሚወርደው ከቦይለሩ ሥር ካለው የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ነው፤ ቀለሙም ዝገት ይመስላል። ትናንት ደግሞ ቧንቧውን ስነካ ነዘረኝ። በሲሊከን ልድፈነው?

መልስ፦

ሲሊከኑን ይተዉትና አሁኑኑ ብሬከሩን ያውርዱ። ውሃና ኤሌክትሪክ ተገናኝተዋል፤ በዚያ ላይ የቤትዎ የመሬት ሽቦ አልተያያዘም ወይም ተቋርጧል። ኤሌክትሪሻን መጥቶ የመሬት ሽቦውን እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም ሻወር አይግባ።

ከዚያ በኋላ ክዳኑ ይከፈት። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ኤለመንቱ የታሰረበት ፍላንጅ (የብረት ክዳን) ዙሪያ ርሶ ከሆነ ያረጀው የፍላንጁ ጎሚኒ ነው፤ ይጠገናል። ታንኩ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ። የቀዝቃዛውን ቫልቭ ዘግተው፣ አየር እንዲገባ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው፣ የሴፍቲ ቫልቩን ማንሻ ያንሱት፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ፍላንጁ ሲወጣ መቀመጫውን ከዝገትና ከቅርፊት ያጽዱ፤ ለዚያው ሞዴል የሚሆን አዲስ ጎሚኒ ያስገቡ፤ ቡሎኖቹን በተራ ሳይሆን በተቃራኒ ጎን እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ አለበለዚያ ጎሚኒው በአንድ ወገን ይበላል። እግረ መንገድዎን የማግኒዥየሙን ዘንግ ይዩ። ታንኩ ከመዛጉ በፊት እሱ እየተበላ ነው የሚጠብቀው። ውስጡ ያለው ሽቦ ከታየ ጊዜው አልፏል፤ በየሁለት ዓመቱ ማየት ይገባል።

ፍላንጁ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከፎሙ ውስጥ ወይም ከቆርቆሮው መጋጠሚያ የሚወርድ ከሆነ ግን ታንኩ ተበስቷል። ይህን የሚበይድልዎ ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ብየዳው በዙሪያው ያለውን የውስጥ ሽፋን ያቃጥለዋል፣ ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ይከተላል። ገንዘብዎን ለአዲሱ ያቆዩት። አዲሱን ሲያስገጥሙ አብሮት የመጣውን ሴፍቲ ቫልቭ ይጠቀሙ፤ የድሮው ገና ይሠራል ተብሎ አይመለስ። ፍሌክሲብሎቹንም በዚያው ይቀይሯቸው፣ የመሬት ሽቦውም ቦይለሩ ከመብራቱ በፊት በቴስተር ይለካ።